የሹዪን የእጅ ወዝ

አክስቴ ሹዪን እጃቸውን ሳይታጠቡ የዕጣን ማጨሻ አይነኩም ነበር። ታጥበውም ወዲያው አይነኩም። እርጥበቱ እስኪጠፋና የቆዳቸው ወዝ እስኪመለስ፣ በሩ አጠገብ ባለችው የቀርከሃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን አይብ፣ ቶፉን ከምትሸጠው ከፋን ጋር ይነታረካሉ። ከዚያ ነው የሞቀውን ነሐስ ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ማሸት የሚጀምሩት። ቀስ ብለው፣ የሕፃን ጀርባ እንደሚያሽ ሰው።

ሥራቸው ይህ ነበር። አክስቴ የምላቸው በጉርብትና ነው እንጂ ዘመዴ አይደሉም። ባላቸው ሚያው ዶንግሊን ነሐስ ቀላጭ ናቸው። ቤታቸው እዚሁ ሱጆው ከተማ፣ ቦዩ ዳር ሲሆን ከእኛ የዕጣንና የሻማ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዘመኑ ንጉሡ ወርዶ፣ ወንዱ ሁሉ ሹሩባውን ቆርጦ ገና ጥቂት ዓመት ያለፈበት ነው። አጎቴ ሚያው ዕቃውን በሰም ይቀርጹታል፣ ሰሙን በጭቃ ይሸፍኑታል፣ ጭቃውን ሲያሞቁት ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በቦታው ነሐስ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር የሚወጣው ማጨሻ ግን ቢጫ ነው። ጥሬ ነው። ዓይን ይወጋል።

የሚያበስሉት አክስቴ ሹዪን ናቸው። የማጨሻውን ሆድ በተነፋ አመድ ይሞሉና አንዲት የከሰል ፍም በአመዱ ውስጥ ይቀብራሉ። ጢስ የለው፣ ነበልባል የለው፣ ሙቀት ብቻ ነው። አንዷ ፍም ሳትሞት ሌላዋ ትተካለች። ከውስጥ እሳት፣ ከውጭ እጅ። በዓመታት ውስጥ ቢጫው ሻይ ይመስላል፤ ቆይቶ ደግሞ ሻዩ የበሰለ ቴምር ይሆናል። ቀለም ከላይ ይቀባል፤ ይህ ግን ከውስጥ ወደ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። እኛ ማጨሻ ማሳደግ እንለዋለን።

በዚህ ቃል ፋን ትቀልድባቸው ነበር።

"ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ ብረት ታሳድጊያለሽ" ትላለች ከቶፉዋ ኋላ ሆና።

"ብረት አይደለም፣ ነሐስ ነው።"

"ለእኔ ያው ነው።"

"ያው አይደለም። ያንቺዎቹ ትናንት ሰፈሩን ሁሉ በለቅሶ አናወጡት። የእኔዎቹን የሰማ አለ?"

ፋን ትስቃለች። አክስቴ ሹዪንም ይስቃሉ። ግን ከሳቁ በኋላ እጃቸው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየዋለሁ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም።

አጎቴ ሚያው በሚሠሩት ማጨሻ ሁሉ ግርጌ ላይ የአንድ የጥንት ንጉሥ ዘመን ስም ይቀረጻል። ከዚያ ንጉሥ ወዲህ ብዙ መቶ ዓመት አልፏል፤ ነገር ግን ስሙ የሌለበት ማጨሻ ፊት የሌለው ይመስላል፤ አባቶቻቸውም እንዲሁ ይቀርጹ ነበር። በአበባ ማስቀመጫዎቹና በትልልቆቹ ዕቃዎች ሆድ ውስጥ ደግሞ ከእሱም የቆየ አባባል፣ በጥንታዊ ፊደል ይገባል፦ ልጆችና የልጅ ልጆች ለዘላለም ይጠብቁት፣ ይገልገሉበት። አጎቴ ሚያው ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሲቀርጹ ኖሩ።

አንድ ጊዜ አንድ ገዢ ማጨሻውን ገልብጦ አየና "እውነት የዚያ ንጉሥ ዘመን ነው?" አላቸው።

"ጽሑፉ እንደዚያ ይላል" አሉ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔማ ትናንት ነው ከጭቃ ያወጣሁት። ግን ከንጉሥ ጋር አልከራከርም።"

ሰውየው ስቆ ገዛ። እንዲህ ነበሩ።

ለራሳቸው ቤት፣ ሙታን ለሚታሰቡበት ለአባቶች ጠረጴዛ የሠሯት ማጨሻ ግን ሌላ ናት። ትንሽ ናት፤ ሁለት ጆሮ፣ ሦስት አጭር እግር፣ ጌጥ የላትም። ሲያወጧት አይቻለሁ። ግርጌዋ ላይ ለጽሑፍ የሚሆን አራት ማዕዘን አለ፤ ባዶ ነው። ረስተው መስሎኝ ጠየቅኋቸው።

"በሰው ዕቃ ላይ ስዋሽ ኖሬያለሁ" አሉኝ። "በራሴ ላይ ምን ብዬ ልዋሽ?"

"ያኛውስ? ልጆችና የልጅ ልጆች የሚለው?"

ወዲያው ባልጠየቅኋቸው ብዬ አፈርኩ። አጎቴ ሚያው ወደ ግቢው ዞሩ። የመለሱልኝ ከውስጥ አክስቴ ሹዪን ናቸው፦

"ባዶ ይሁን። ባዶ ቦታ አይዋሽም።"

"አሁን ካልቀረጽኩ ደግሞ ኋላ አይሆንም" አሉ አጎቴ ሚያው፣ ለእኔ ይሁን ለሚስታቸው እንጃ። "አንዴ ካደገች መቅረጫ ቢነካት ቆዳዋ ይቆስላል። ቁስሉ አይድንም።"

"አይሁና" አሉ ሹዪን። ማጨሻዋን ተቀብለው አመድ ሞሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀዘቀዘችም።

ስንት ዓመት እንዳሿት በትክክል አላውቅም። እኔ አግብቼ፣ አባቴ ሞቶ፣ ሱቁ በእጄ ሲገባም በርጩማዋ ላይ ናቸው። ለሌላ ሰው የሚያሳድጓቸው ማጨሻዎች ይመጣሉ፣ አድገው ይሄዳሉ። ያቺ ግን አትሄድም። በመጨረሻ ቆዳዋ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ ብፈልግም ቃል አላገኝም። ጥቁር አይደለም፣ ቀይ አይደለም። ፀሐይ ሲያርፍባት ከሥር ወርቅማ ነገር ብቅ ይላል፤ ጥላ ሲሆን ይደበቃል። ስትነካት ከነሐስ ይልቅ ሰው የነካህ ይመስልሃል።

አክስቴ ሹዪን በአንድ ክረምት በሳል ታመው ሞቱ። በአባቶች ጠረጴዛ ላይ የሚቆም የመታሰቢያ ጣውላ ተጻፈላቸው። የሚያው ቤት ሚስት፣ የሺ ቤት ልጅ ይላል፤ ሺ የተወለዱበት ቤተሰብ ስም ነው። ስማቸው የለበትም፤ የሴት እንዲያ ነው የሚጻፈው። ከፊቱ ማጨሻዋ ተቀመጠች። አጎቴ ሚያው በየጠዋቱ ከእኛ ዕጣን እየገዙ ይሰኩላቸዋል፤ ግን ቆመው ነው። ባል ለሚስቱ አይንበረከክም። የሚንበረከከው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ አልነበረም።

ሰውየው ብቻቸውን መኖር አያውቁበትም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሳህን ያወጡና አንዱን መልሰው ያስገባሉ። ኋላ ኋላ ሳህኑም ቀረ፤ ምድጃው አጠገብ ቆመው ከድስቱ ይበላሉ። ማቅለጡን ተዉት። ሰም ማሞቂያው ሸረሪት አደራበት። ያልተዉት ፍሟን ብቻ ነው። ጠዋት ግድግዳው ወዲያ አመድ ሲጫር እሰማለሁ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው ይመጣል፦ "ዛሬ ነፋስ ነው።" ወይም፦ "ዓሣው ተወዷል፣ ፋን አማርራለች።" ከዚያ ዝም። መልስ የሚጠብቁ ያህል ዝም ይላሉ፤ ኋላ በሩ ይከፈታል።

ማጨሻዋን ግን በባዶ እጃቸው አይነኳትም። መዳፋቸው በቀለጠ ነሐስ የተጠባበሰ፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ ነው።

"የእኔ እጅ ይቧጭራታል" አሉኝ አንድ ቀን፣ በእጅጌያቸው ይዘው ሲያነሷት። "ይህ የሷ ወዝ ነው። የተረፈኝም ይኸው ነው። እኔ የማሞቀው እንዳይጠፋ ነው።"

ዕጣኑን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አልሄዱም።

"አንተ ዕጣን ሻጭ ነህ፤ ታውቃለህ ብዬ ነው" አሉ። "እኔ ስሞት ፍሟን ማን ይቀብራል? ለሷስ ማን ይንበረከካል?"

  ከኋላ ሚስቴ ነች የመለሰችላቸው፦

"አጎቴ፣ ወንድምዎ ሁለት ወንዶች አሉት አይደል? አንዱን ልጅ አድርጎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ልጅ የሌለው ቤት ሁሉ እንዲህ አይደለም እንዴ የሚያደርገው?"

"ያደገ ሰው ነው እኮ፤ ሚስት አለው።"

"ታዲያ ጡት ሊያጠቡት ነው? ይሻላል እንጂ፤ ምራቲቱም አብራ ትመጣለች።"

ለብዙ ወራት አሰቡበት። የሚፈሩ ይመስለኛል፤ ልመና የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በመጨረሻ ጀልባ ተሳፍረው ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ወደ ወንድማቸው የሐር ትል መንደር ሄዱ። ሲመለሱ በርጩማዋን አጥበው ፀሐይ ላይ ሲያሰጧት አየኋቸው። ወንድማቸው ሁለተኛ ልጁን ጀንታይን ሊሰጣቸው ተስማምቷል። ልጁና ሚስቱ በዓመት ማለቂያ ይመጣሉ፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ጀንታይ ከሹዪን ጣውላ ፊት ይንበረከካል፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ ልጅ ነው። ሥራቸው ትልና ሽመና ስለሆነ መንደራቸው ይኖራሉ፤ መቃብር ለሚጠረግበት ቀንና ለዓመት በዓል ይመጣሉ፤ ሽማግሌው ሲሞቱ ማጨሻዋን የሚወርሱት እነሱ ናቸው።

"ፍሟን ትቀብራለች ያቺ ልጅ?" አልኳቸው።

"አልጠየቅኋትም" አሉ። "ጊዜ አለ።"

የምድጃው አምላክ ስለ ቤቱ ክፉ እንዳያወራ ከንፈሩ በጣፋጭ ተቀብቶ ወደ ሰማይ ከተሸኘ በኋላ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጡ። ጀንታይ ትከሻው ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ሺንግሜይ ግን ከጀልባው ሳትወርድ ጀምሮ ሥራ የምትፈልግ ዓይነት ናት። ድንጋይ ደረጃው ላይ አረም አየችና ነቀለች። አጎቴ ሚያው ተርበተበቱ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ወዲያ የምሰማው "ተይው፣ እረፊ፣ ሻይ ጠጪ" ሲሏት ነው።

በማግስቱ የዋዜማውን ሻማና ዕጣን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ዓሣ ሊገዙ ወጥተዋል፤ ጀንታይ እንጨት ይፈልጣል። ሺንግሜይ እጅጌዋን ሰብስባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የጠረጴዛው ዕቃ ሁሉ ተደርድሯል፤ ሻማ ማቆሚያዎቹ፣ የወይን ማንቆርቆሪያው፣ ሁሉም ተፈግፍጎ ያበራል። በእኛ አገር ዓመት ሲያልቅ የአባቶች ጠረጴዛ ብረታ ብረት ሁሉ በኮምጣጤና በአመድ ይታሻል፤ ይህን የማታደርግ ምራት የለችም። መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቢጫ ማጨሻ አለች።

መጀመሪያ አላወቅኋትም። አዲስ ገዙ እንዴ ብዬ ነበር። ኋላ ሁለቱን ጆሮዎች አየሁ። የአክስቴ ሹዪን ማጨሻ ናት፤ የዓመታት ቆዳዋ በኮምጣጤው ተፍቆ ሄዷል።

አጎቴ ሚያው ከኋላዬ ገቡ፤ ዓሣው በገለባ ታስሮ እጃቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"አባባ መጡ? ይዩልኝ እስቲ" አለች ሺንግሜይ፣ ፊቷ በደስታ ፈክቶ። "ይህቺ አስቸገረችኝ፤ ያ ጥቁር ነገር እንዴት ይዟት ነበር። አሸዋ ግን አልነካኋትም፣ እንዳትጫር ብዬ። አመዷንም ነፍቼ አስቀምጬልዎታለሁ፤ አልደፋሁትም።"

አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። 

"ታበራለች" አሉ።

ዓሣውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ፣ ወጡ። እኔም ሻማውን አስቀምጬ ተከተልኩ። ሩቅ አልሄዱም፤ እኛ ሱቅ ገብተው የዕጣን ሣጥኖቹ መሐል ቁጭ አሉ። ሚስቴ ሻይ ሰጠቻቸው፤ አልጠጡም።

"ወደ ቤታቸው ይሂዱ" አሉ ቆይተው። "ወንድሜን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ልጅቷ አላጠፋችም፤ እሱን አውቃለሁ። እኔ ግን በየዓመቱ ስትመጣ ይህን ሳስብ ልኖር ነው?"

"ጀንታይ ካልተንበረከከ አክስቴ ሹዪን..." አልኩና ተውኩት።

"አውቃለሁ" አሉ። "ምኗ ቀረ ታዲያ? ሬሳዋን ቀብሬያለሁ። እጇ ነበር የቀረኝ።"

ሚስቴ ይህን እንደሰማች ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ለሺንግሜይ ምን ብላ እንደነገረቻት አላውቅም። ልጅቷ ግን ወዲያው መጣች፤ እጇ በኮምጣጤ ቀልቶና ተሰነጣጥቆ፣ ማጨሻዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ጀንታይ ከኋላዋ አለ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ጀንታይ።

"ያንተ አይደለም" አለች ሚስቱ። "ያንተ እጅ መች ኮምጣጤ ነካ።" ከዚያ ሽማግሌው ፊት ቆመች። ማልቀስ ጀምራለች፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። "አላወቅሁም። በእኛ ቤት ማጨሻው ጠቁሮ ዓመት ከተሻገረ እናቴ ከጎረቤት ፊት አትወጣም። እኔ ምራት ልባል ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ካወቁ ለምን አልነገሩኝም? ከመጣሁ ጀምሮ እረፊ ነው፣ ሻይ ጠጪ ነው። እንዲህ የሚባለው እንግዳ ነው። ልጅ ቢሆን እጅሽን ሰብስቢ፣ ይህን እንዳትነኪ ይባላል። እንዳትነኪ ቢሉኝ እኮ አልነካም ነበር።"

 ውጭ ፋን ከአንዲት ገዢ ጋር ስለ ቶፉ ቁራሽ ትከራከራለች። አጎቴ ሚያው መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ። ስድብ ሰምተው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ምራት ለአማቷ እንዲህ አትናገርም።

"እውነትሽን ነው" አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "አልነገርኩሽም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

ሺንግሜይ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። ማጨሻዋን ገለበጠቻት።

"እዚህ ሳጸዳ ባዶ ቦታ አለ። ረስተውት ነው?"

"አልረሳሁትም።"

ማጨሻዋን ተቀበሏት። አክስቴ ሹዪን ከሞቱ ጀምሮ በባዶ እጃቸው ሲይዟት ያየሁት ያኔ ነው። የሚቧጨር ነገር የለማ። በአውራ ጣታቸው ያንን ባዶ ማዕዘን ዳበሱት፤ ብዙ ቆዩ።

"ቆዳ የላትም አሁን" አሉ ለራሳቸው። "መቅረጫ ትችላለች።"

ሂዱ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ አላነሡትም። በማግስቱ ጠዋት፣ የዋዜማው ዕለት፣ ግድግዳው ወዲያ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ መዶሻ ነው፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ያርፍና ደግሞ ጣ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ሄጄ በበሩ አጮለቅሁ። አጎቴ ሚያው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ናቸው። ሺንግሜይ ማጨሻዋን ገልብጣ ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይቀርጻሉ።

"አትንቀጥቀጪ።"

"እርስዎ ነዎት የሚንቀጠቀጡት።"

"እኔ ብንቀጠቀጥ እጄ ያውቅበታል። አንቺ ዝም በይ።"

ሲጨርሱ ፍርፋሪውን እፍ አሉት። ጀንታይ መንደር ውስጥ ትንሽ ተምሯል፤ አንገቱን ቀልሶ ለማንበብ ሞከረ።

"የንጉሡ ስም ነው?"

"ንጉሡ ወርዷል፤ ቦታው ባዶ ነው" አሉ አጎቴ ሚያው። "ሹዪን ይላል። የእናታችሁ ስም ነው።"

ሺንግሜይ ጣቷን በጽሑፉ ላይ አሳለፈች። ስሙ ከጣውላው ላይ እንደሌለ ታውቃለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እንደዚያ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ያጉረመርሙ ነበር።

"ያ ሌላውስ?" አለች ሺንግሜይ። "በአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው፣ ልጆችና የልጅ ልጆች የሚለው።"

"እሱ ረጅም ነው" አሉ። "አይበቃም።" ግን ፈገግ ሲሉ አየሁ።

ማታ ዓሣው ተቀቀለ፣ የሩዝ ጠጁ ሞቀ፣ እኔና ሚስቴም ምስክር ሆነን ተጠራን። ጀንታይ ከጣውላው ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሺንግሜይ አጠገቡ። አመዷና ፍሟ የተመለሰላት ቢጫዋ ማጨሻ በሻማው ብርሃን ዓይን ትወጋ ነበር፤ ማንም ደፍሮ ትክ ብሎ አላያትም። አጎቴ ሚያው እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ሁለቱ ሲነሡ ሺንግሜይን ጠሯት።

"እጅሽን ታጠቢ።"

ታጠበች።

"ቆይ። አሁን አይደለም። ይድረቅ። ወዙ ይመለስ።"

ቆየች። ከዚያ የተሰነጣጠቀ መዳፏን ሞቃቱ ነሐስ ላይ አሳረፈች፤ ሲያቃጥላት ከንፈሯን ነከሰች፤ አላነሣችም።

በዓሉ ሲያልፍ ጀልባው መጥቶ ወሰዳቸው። አጎቴ ሚያው ደረጃው ላይ እስኪሰወሩ ቆሙ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ወዲያ አመድ ተጫረ። "ዛሬ ጭጋግ ነው" አሉ።

አሁን እንግዲህ ማሸት የሳቸው ሥራ ሆነ። ሻካራ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ይነክሩታል፣ ያደርቁታል፣ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣሉ። ፋን አላለፈቻቸውም።

"ሚያው፣ በስተርጅና ሞግዚት ሆንክ?"

"ምን ላድርግ፣ ከእንግዲህ አላገባ።"

በፀደይ የመቃብር ቀን አረንጓዴውን የሩዝ ቂጣ ገዝተው ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ላይ ጠበቁ። ጀልባ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ። ያንኑ ሰሞን ትል የሚፈለፈልበት ነው፤ በዚያ ወቅት ትል ያለው ቤት በሩን አይከፍትም። ይህን ያውቃሉ፤ ግን ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ቂጣውን ይዘው ወደ እኛ መጡ።

"ብሉ፤ ሊደርቅ ነው" አሉ። "ትል አይጠብቅም።"

መቃብሩን ብቻቸውን ጠርገው ተመለሱ። አክስቴ ሹዪን እዚያ ዛሬም የሚንበረከክላቸው ሰው አላገኙም።

ሺንግሜይ የመጣችው በበጋ፣ ትሎቹ የፈተሉት የሐር እንክብል ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብቻዋን። ጥቂት ቀን ሰነበተች። በርጩማዋ ላይ ሆና ስታሽና ከፋን ጋር ስትነታረክ ከሱቄ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ማን እንደሆነች እረሳለሁ። ከዚያ ሄደች። ማጨሻዋ እስከ መኸር ድረስ ሻይ የፈሰሰባት መሰለች፤ አንዱ ጎኗ የቀላ፣ አንዱ ገና ቢጫ።

"የሷን አይመስልም" አሉኝ።

"አይመስልም" አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም።

"እንዴት ይምሰል" አሉ፤ ማሸታቸውን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ጠዋት አመድ ሲጫር አልሰማሁም። በረዶ ነበር፤ ዘግይተው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ አየሩም ማንም ምንም አላለም። በሩን ገፍቼ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው አዙረዋል። እጃቸው ቀዝቅዟል። ማጨሻዋን ነካኋት፤ ለብ ትላለች። ማታ የቀበሯት ፍም አመዱ ውስጥ ልትሞት ጥቂት ቀርቷታል።

ሚስቴን ጠራኋት። ከሰል ለኮሰችና እኔ ቀበርኩት። እነጀንታይ እስኪደርሱ ድረስ ፍሟን እኛ ተካንላት፤ እጃችንን ግን አላሳረፍንባትም። የእኛ አይደለችም።

ቀብሩ ሲያልቅ ቤቱ ተዘጋ። ሺንግሜይ ከቤቱ የወሰደችው ሁለቱን ጣውላዎች፣ በርጩማዋንና ማጨሻዋን ነው። ማጨሻዋን በጥጥ ካፖርት ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ጀልባው ውስጥ ተቀመጠች። ፋን ልትሸኝ ወጥታ ነበር፤ ሙቀቱ ፊቷ ላይ ሲመታት ደነገጠች።

"እሳት ይዘሽ ጀልባ ላይ? አጥፍተሽ እዚያ ስትደርሺ ለኩሺው እንጂ፣ ጀልባውን ልታቃጥይ ነው?"

"ጢስ የለው፣ ነበልባል የለው" አለች ሺንግሜይ። "ሙቀት ብቻ ነው አክስቴ።"

ጀንታይ ገፋ። ጀልባው በድልድዩ ሥር አለፈ። ልጅቷ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ሁለት እጇ ካፖርቱ ውስጥ ነበር።

ግድግዳው ወዲያ አሁን ሌሎች ተከራይተዋል። ልጆች ብዙ ናቸው፣ ጫጫታ አለ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ግን አሁንም ትንሽ እቆማለሁ፤ ነፋስ ነው ወይስ ጭጋግ፣ ከዚያ በኩል አንድ ሰው እስኪነግረኝ።